የትምህርት ቤቱ ሱቅ ቺፕስ እየሸጠ ልጄን እንዴት ካሮት ላስበላ?

ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ምሳ እቃና ስለ ስፖርት ሆነዋል፣ ያው የሁላችንም ቤት የጠዋት ራስ ምታት ነው። ጥቂቶቹን መርጬ አቅርቤያለሁ። የትምህርት ቤት ስም እየጠራችሁ የጻፋችሁትን ስሙን አውጥቼዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር እንዴት ነሽ? ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ ሶስተኛ ክፍል ትንሹ አንደኛ፣ የግል ትምህርት ቤት ነው የሚማሩት። ጠዋት በለሊት ተነስቼ ፍርፍር ሰርቼ ካሮት ልጬ ሙዝ ጨምሬ ምሳ እቃቸውን እሞላለሁ፣ ማታ ስከፍተው ካሮቱ እንዳለ ነው። ለምን ስላቸው "ቺፕስ በልተን ጠግበን" ይሉኛል። ግቢው ውስጥ ሱቅ አለ፣ ቺፕስ ከረሜላ ብስኩት ለስላሳ፣ ያ ምላስ የሚያቀላው ጁስ፣ የሌለ ነገር የለም። ባለፈው ደሞ "የጤናማ አመጋገብ ቀን" ተብሎ ወላጅ ተጠራና ልጆቹ ከካርቶን የተሰራ ካሮትና ቲማቲም አጥልቀው ግጥም አቀረቡ፣ እኛም አጨበጨብን፣ ፕሮግራሙ እንዳለቀ ካሮቷ ከነካርቶኗ ሱቁ ጋ ተሰልፋ ቺፕስ ስትገዛ አየኋት፣ ካሮቷ የኔ ልጅ ነች። ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት) ውስጥ ስላለሁ ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሳሁት፣ ዳይሬክተሩ "ብር የምትሰጧቸው እናንተ ወላጆች ናችሁ" አሉኝና ሌላ አጀንዳ ገቡ። እውነት አላቸው? ሱቁን ማዘጋት እንችላለን ወይ?
(የሁለት ልጆች እናት፣ ከሰሚት)

መልስ፦ እህቴ፣ የካሮቷን ነገር ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ። ግን ችግሩን እኔ በሶስት ገፅ ከምገልፀው በላይ ገልፀሽዋል። ልጆቻችን እኮ ካሮት ጥሩ እንደሆነ ያውቃሉ፣ ልጅሽን ጠይቂያት "ቫይታሚን ኤ አለው ለአይን ይጠቅማል" ብላ ትዘረግፍልሻለች። የጎደለው እውቀት አይደለም። የስምንት አመት ልጅ የእረፍት ደወል ሲደወል ኪሱ ውስጥ ብር ካለ፣ ፊት ለፊቱ ቺፕስ ከተሰቀለ፣ ጓደኛው ደሞ እያንኮሻኮሸ ከሆነ ምን እንዲያደርግ ነው የምንጠብቀው? እኛ ትልልቆቹ እንኳን ስብሰባ ላይ የቀረበ ኩኪስ አናልፍም። ስለዚህ ፖስተርና ግጥም ላይ ጉልበታችሁን አትጨርሱ፣ ሱቁ ላይ ሂዱ።

ዳይሬክተሩ ያሉት ግማሹ እውነት ነው፣ ብሩ ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። ግን ቦታውን ያከራየው ትምህርት ቤቱ ነው፣ ኪራዩንም የሚቀበለው እሱ ነው፣ ክፍል ውስጥ "ጣፋጭ አታብዙ" ተብሎ ተምሮ ሲወጣ ደጁ ላይ የሚሸጥለት ልጅ ደሞ የሚያምነው ሽያጩን ነው። ሜክሲኮ (አገሩን ማለቴ ነው አደባባዩን አይደለም) እ.ኤ.አ ከማርች 2025 መጨረሻ ጀምሮ ትምህርት ቤት ውስጥ ቺፕስ፣ ለስላሳና ጣፋጭ የመሳሰሉትን መሸጥ በህግ ከልክላለች። እናንተ ግን አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም፣ የአንድ ግቢ ሱቅ ጉዳይ በኪራይ ውል የሚያልቅ ነገር ነው።

ለስብሰባ ቁጥር ካስፈለገሽ ይሄን ያዢ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቀን ከምናገኘው ካሎሪ ውስጥ ከስኳር የሚመጣው (ሙሉ ፍራፍሬና ወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያለውን ሳይጨምር) ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፣ ከ5 በመቶ በታች ከሆነ ደሞ በጣም ጥሩ። በቀን 1600 ካሎሪ ገደማ ለሚበቃው ልጅ 10 በመቶው 40 ግራም ነው፣ በሻይ ማንኪያ ወደ 10 ይሆናል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር የኮላ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 32 ግራም ስኳር አለ፣ ስምንት ማንኪያ ማለት ነው። ጠዋት ዳቦ በሻይ ሲበላ ሻዩ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ከነበረ፣ ከአራት ሰአቱ እረፍት በኋላ ልጁ የቀኑን ኮታ ጨርሷል፣ ገና ምሳም አልበላ። ቺፕሱ ደሞ ጨውና ዘይት ነው፣ በተለይ በላስቲክ ታስሮ የሚሸጠው ዘይቱ ስንት ቀን እንደተመላለሰበት ሻጩም አያውቅ።

"ይዘጋ" ብለሽ ግን አትግቢ። አንድ ግቢ ውስጥ ሱቁ በአንድ ቀን ተዘግቶ አይቻለሁ፣ ልጆቹ ብር አዋጥተው በአጥሩ ቀዳዳ ሱቅ በደረቴውን መጥራት ጀመሩ፣ ሱቅ በደረቴው ያልመጣ ቀን ደሞ ዘበኛውን ከበው "ጋሼ ይግዙልን" እያሉ መለመን ነው፣ ዘበኛውም ይገዙላቸዋል ምን ያርጉ። ሱቁ ይኑር፣ እቃው ይቀየር። የተቀቀለ እንቁላል፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ገብስና ሽምብራ ቆሎ በሱፍ፣ የተቀቀለ ድንች ከትንሽ አዋዜ ጋር፣ ስኳር ድንች፣ ንፍሮ፣ አምባሻ፣ ውሃ። ልጆች አይወዱትም የሚለኝ ሰው ሁሌ አለ፣ እኔ ግን የተቀቀለ ድንች በአዋዜ የሚሸጥ ትምህርት ቤት ጋ ሄጄ ወረፋው ራሱ ሌላ ነገር ነበር፣ ልጅ የሚወደው የሚያቃጥል፣ ሞቅ ያለና ጓደኛው የያዘውን ነው።

የሱቁ ባለቤት እንጀራዋ ነውና እሷን አትርሷት። ስብሰባ ላይ ወስናችሁ ወረቀት ከምትልኩባት ጠርታችሁ አነጋግሯት፣ ለስላሳና ከረሜላ መጀመሪያ ይውጣ፣ ቺፕሱ በሚቀጥለው ተርም፣ ለመጀመሪያው ተርም ደሞ ትምህርት ቤቱ ኪራይ ይቀንስላት፣ ትርፏ እንዳይወድቅ። ውሉ ሲታደስ ምን እንደሚሸጥ በዝርዝር ይፃፍ። እንቁላሉና ሙዙ ፊት ለፊት ልጆቹ በሚያዩት ከፍታ ይቀመጥ፣ ይሄ ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ብዙ ታደርጋለች። በእናንተ በኩል ደሞ የኪስ ብር ላይ ተስማሙ፣ ክፍሉ ውስጥ አንዱ ሃምሳ ብር ይዞ እየመጣ ሌላው ባዶ ኪሱን ከሆነ የምግብ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። እና የልደት ነገር፣ አርባ ልጅ ባለበት ክፍል በአመት አርባ ልደት አለ፣ አርባ ቀን ኬክና ለስላሳ። በወር አንዴ የወሩ ልጆች በጋራ ይከበርላቸው፣ ዳቦ ይቆረስ፣ ሻማ ይጥፋ፣ በቃ።

ስለ ምሳ እቃው አንድ ሁለት ነገር ልበልሽ። ጠዋት አስራ ሁለት ሰአት የተላጠ ካሮት ስድስት ሰአት ተኩል ላይ ደርቆ ነጭ ሆኖ ነው የሚገኘው፣ እኔም አልበላውም። ፈግፍገሽ ሩዙ ውስጥ ወይ ምስር ወጡ ውስጥ ክተቺው። ሙዙን ሳትልጪው ላኪ። ሌላው፣ ልጆች ምሳቸውን ለየብቻ አይበሉም፣ ይጎራረሳሉ፣ የአንዱ ቺፕስ ጠረጴዛውን ዞሮ ነው የሚያልቀው፣ ያንቺም እንቁላል እንደዛው። ስለዚህ ከልጆችሽ ጋር አብረው የሚቀመጡትን አራት አምስት ልጆች እናቶች ስልክ ፈልጊና ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ክፈቱ፣ ሰኞ ማን ምን እንደሚልክ ተነጋገሩ፣ ሁሉም ቆሎ የያዘበት ቀን ማንም ቺፕስ አያምረውም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የመንግስት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ ከ60 በላይ ተማሪ አለ፣ ያሉኝ ኳሶች ሁለት ናቸው አንዱ ተንፍሷል፣ ግቢው ግማሹ ኮንክሪት ግማሹ ሲዘንብ ጭቃ ነው። ምገባ ከተጀመረ ወዲህ ልጆቹ አቅም አላቸው ተመስገን ነው፣ ድሮ ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ልጅ እናነሳ ነበር። አሁን ችግሬ ሌላ ነው፣ በተለይ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲደርስ የሂሳብ መምህሩ መጥቶ "ፔሬድህን ለቲቶሪያል ስጠኝ" ይለኛል፣ አስተዳደሩም እሺ ይላል። ስፖርት ምን ያደርጋል የሚል ነው አመለካከቱ። ምን ይመክሩኛል?
(መምህር፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መምህር፣ የእርስዎ ደብዳቤ የልብ ነው። የምገባውን ነገር ማንሳትዎ ራሱ ደስ ብሎኛል፣ አዲስ አበባ ላይ ከ2012 ጀምሮ በመንግስት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መቅረቡ ለስፖርትም ትልቅ ነገር ነው፣ ባዶ ሆዱን የመጣን ልጅ ሩጥ ማለት ግፍ ነበር። አሁን ያ ሰበብ የለም።

ለክርክሩ የሚሆንዎትን ላስቀድም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 አመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ያስፈልጋቸዋል ይላል፣ በሳምንት ቢያንስ ሶስት ቀን ደሞ አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክር። በሳምንት ሰባት ሰአት ማለት ነው። እርስዎ ያለዎት በሳምንት አንድ ሁለት ፔሬድ፣ እሱም ልብስ መቀየርና መሰለፍ ተቀንሶ፣ ከዛ ላይ ነው ለሂሳብ የሚወሰደው። ውጤት ይጎዳል ለሚሉት ደሞ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል፣ ሲዲሲ፣ እ.ኤ.አ በ2010 ሃምሳ የሚሆኑ ጥናቶችን አሰባስቦ አይቶ ነበር፣ ለስፖርት ጊዜ መስጠት የተማሪን ውጤት ወይ ያሻሽላል ወይ ምንም አያደርገውም፣ የሚጎዳበት አጋጣሚ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይሄን ለሂሳብ መምህሩ በቁጥር ይንገሩት፣ ቁጥር ይገባዋል።

ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ክርክሩን ቢያሸንፉም ፔሬዱ ብቻውን አይበቃም። እኔ ብሆን ወደ ሰልፉ ነው የምሄደው። ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ትምህርት ቤቱ ሙሉ ውጪ ነው፣ ማንም የማይወስድብዎት ሰአት ያ ነው። ስኮትላንድ ስተርሊንግ ከተማ ውስጥ ኢሌን ዋይሊ የምትባል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ልጆቿ ለማሟሟቂያ ሩጫ እንኳን ትንፋሽ እንዳጠራቸው አይታ እ.ኤ.አ በ2012 አንድ ቀላል ነገር ጀመረች፣ ሁሉም ልጅ በየቀኑ 15 ደቂቃ ውጪ ወጥቶ ግቢውን ይዞራል፣ የሮጠ ይሮጣል የደከመው ይራመዳል፣ ውድድር የለም፣ ልብስ መቀየር የለም፣ በዩኒፎርሙ። "ዴይሊ ማይል" ይባላል፣ አሁን ብዙ አገር ገብቷል። ኳስም ሜዳም አይፈልግም። ከመዝሙሩ በኋላ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል አንድ ቀን፣ የሶስተኛና የአራተኛ ሌላ ቀን እያሉ ይጀምሩ፣ ሚኒ ሚዲያው ካለ ሙዚቃ ይልቀቅላቸው፣ ክፍል ኃላፊ መምህራኑም አብረው ይዙሩ (ጫማቸው ካልፈቀደ ቆመው ያጨብጭቡ)።

ስልሳ ልጅ በአንድ ኳስ የሚለውን ደሞ ይተዉት። ሃያ ሁለቱ ሲጫወት አርባው ግድግዳ ተደግፎ ያወራል፣ ከሃያ ሁለቱም ኳስ የሚነኩት ስድስት ሰባቱ ጎበዞች ናቸው። ክፍሉን ስድስት ቦታ ይክፈሉት፣ አንዱ ጋ ገመድ ዝላይ፣ አንዱ ጋ ሱዚ፣ ኮንክሪቱ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ይሰመር፣ አንዱ ጋ አባሮሽ፣ አንዱ ጋ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ አንዱ ጋ የጨርቅ ኳስ። በአምስት ደቂቃ ፊሽካ ነፍተው ያዟዙሯቸው። ያ "አጥንትና ጡንቻ የሚያጠነክር" የተባለው እኮ ዝላይ ነው፣ እናቶቻችን ሱዚ ሲዘሉ ማንም ሳይመክራቸው ያደርጉት ነበር። የተሸነፈ የሚወጣበት ጨዋታ ሲሆን ደሞ ይጠንቀቁ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ሁሌ ያ ቀርፋፋው ልጅ ነው፣ ማለትም እንቅስቃሴ በጣም የሚያስፈልገው ልጅ ሃያ ደቂቃ ቁጭ ይላል። የወጣ ልጅ አስር ጊዜ ዘሎ ይመለስ።

አንድ የምጠላውን ነገር ደሞ ልናገር፣ እርስዎን አይደለም። የረበሸን ልጅ "ግቢውን አስር ጊዜ ዙር" ብሎ መቅጣት። ሩጫ ቅጣት ከሆነ ማን ይወደዋል? የቤት ስራ ያልሰራውን ከስፖርት ማስቀረትም እንደዛው ነው። እነዚህን ሁለቱን ከግቢው ካስጠፉ ከአዲስ ኳስ የበለጠ ሰርተዋል። ወላጅ ሲሰበሰብም ስለ "መንገድ ለሰው" ያስታውሷቸው፣ በ2011 ህዳር መጨረሻ ከተማችን ውስጥ የተጀመረ፣ እሁድ መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ የሚለቀቅበት ፕሮግራም ነው፣ ሜዳ የሌለው ሰፈር ልጅ አስፋልት ላይ ብስክሌት የሚነዳበት ቀን ሌላ የለውም።

ጥያቄ፦ ሲስተር እባክሽ መላ በይኝ። ልጄ 10 አመቱ ነው፣ ወፍሯል። አያቱ "ተመችቶታል እሰይ" ይላሉ፣ ክፍል ውስጥ ግን ዱባ እያሉ እንደሚጠሩት ሰምቻለሁ፣ ስፖርት ባለ ቀን ጠዋት ሆዴን አመመኝ ይላል። ከእራቱ ላይ ላስቀንሰው ወይስ ጂም ላስገባው?
(አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርግ ወንድሜ። የአስር አመት ልጅ እያደገ ነው፣ ከማእድ "ይበቃሃል" ተብሎ የሚነሳ ልጅ ተደብቆ መብላት ነው የሚለምደው። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ውሰደውና ክብደቱና ቁመቱ ይለካ፣ የልጅ ክብደት በትልቅ ሰው መለኪያ አይታይም፣ በእድሜውና በፆታው የተሰራ ቻርት አለ፣ በአይን የወፈረ የሚመስል ልጅ ቻርቱ ላይ ደህና ሆኖ ይገኛል፣ ተቃራኒውም ይሆናል። ብዙ ጊዜ የምንፈልገው እንዲከሳ ሳይሆን ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ እንዲደርስበት ነው። ማታ ማታ ካንኮራፋ፣ ወይ ውሃ ጥምና ሽንት ከበዛበት ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ቶሎ ሐኪም ይየው።

ቤት ውስጥ የሚቀየረው የሁላችሁም ነው፣ የሱ ብቻ ከሆነ ቅጣት ነው። ለስላሳ ከፍሪጅ ይውጣ፣ እራት ቲቪና ስልክ ጠፍቶ ይበላ፣ እንጀራው ሳይቀነስ ጎመኑ፣ ቀይ ስሩና ሰላጣው ይብዛ፣ እንቅልፍ በዚህ እድሜ ከ9 እስከ 12 ሰአት ነው፣ አራት ሰአት ተኝቶ አስራ አንድ ተኩል የሚነሳ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ነው የሚያምረው። ከጂም ይልቅ ማታ ካንተ ጋር ይራመድ፣ ወሬም ይወጣዋል። የሆድ ህመሙ ምክንያት ዱባ የሚለው ስም ሳይሆን አይቀርም፣ ለክፍል ኃላፊው ሂድና ለብቻ ንገረው፣ ልጁ ፊት አይሁን። አያቱንም በጨዋ ደንብ፣ ስለ ልጁ ሰውነት መልካምም ሆነ ክፉ ባይነሳ ይሻላል በላቸው፣ "ተመችቶታል" ምርቃት እንደሆነ አውቃለሁ ግን እሱ ጆሮ ጋ ሲደርስ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘጠኝ አመቷ ነው፣ ዘንድሮ አብይ ፆምን እፆማለሁ ብላ ድርቅ ብላለች፣ ምሳ እቃዋን በሽሮ ብቻ ነው የምሞላው፣ አትጎዳም? 
(ከጎንደር)

መልስ፦ ቤተክርስቲያን ከሰባት አመት በታች ያለን ልጅ ፁም ብላ አታስገድድም፣ የሷ ግን ፍላጎቷ ከሆነ ስለ ሰአቱ ነፍስ አባታችሁን አማክሪ፣ እኔ የምለው እስከ ዘጠኝ ሰአት ሳትበላ ትምህርት ቤት መዋሉ ለዚህ እድሜ አይሆንም ነው። የፆም ምግብ ራሱ ግን ችግር የለበትም። ሽሮና እንጀራ አብረው ሲበሉ የአንዱ ፕሮቲን የሌላውን ጉድለት ይሞላል፣ ጤፉም ብረት አለው። ብረቱን ሰውነቷ እንዲወስደው አጠገቡ ቫይታሚን ሲ ያለው ነገር ይኑር፣ ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ሎሚ የተጨመቀበት ጎመን። ሻይ ከምግብ ጋር አትስጫት፣ ብረቱን ይይዝባታል፣ ቢያንስ አንድ ሰአት ይለፍ። ሽሮ ብቻ ከሚሆን አንድ ቀን ምስር፣ አንድ ቀን ሱፍ ፍትፍት፣ አንድ ቀን ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ተልባም አለ። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ግን ከእንስሳት ምግብ ነው የሚገኘው፣ ስለዚህ በፍስክ ቀን እንቁላልና ወተት እንዳይጎድላት። አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምፅፍልሽ። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ እስከ አምና ፍርፍር ይዞ ይሄድ ነበር፣ አንድ ልጅ "ይሸታል" ብሎት ካሁን በኋላ አልይዝም አለ። አሁን ካፍቴሪያ ነው የሚበላው፣ ፒዛና ቸኮሌት ወተት። አንጀቴ እያረረ ነው።

መልስ፦ አንጀትሽ አይረር። እዛ አገር የትምህርት ቤት ምሳ ህግ አለው፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ወተት መቅረብ አለበት፣ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ደሞ እንደ ቸኮሌት ወተት ያለው በአንድ ትንሽ ካርቶን ከ10 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር እንዳይኖረው ተደንግጓል። የወሩን ሜኑ ዌብሳይታቸው ላይ ያወጡታል፣ እሁድ ማታ አብራችሁ እዩትና የትኛውን ቀን ካፍቴሪያ የትኛውን ቀን ከቤት እንደሚሆን እሱ ይምረጥ። ፍርፍሩን ለእራት አስቀምጪውና ለምሳ እቃው ዳቦ ቆሎ፣ አምባሻ በእንቁላል፣ ምስር የተሞላ ሰንቡሳ ላኪ፣ ሰንቡሳውን ሁለት ሶስት ጨምሪበት ጓደኞቹ ይቀምሱት። ለውዝ ያለበትን ግን ክፍሉ ውስጥ አለርጂ ያለበት ልጅ እንዳለ ሳትጠይቂ እንዳትልኪ። "ይሸታል" ላለው ልጅ ምን መመለስ እንዳለበት ከልጅሽ ጋር ተለማመዱ፣ "ለኔ ይጣፍጠኛል" ትበቃለች።

ጥያቄ፦ ልጄ ጠዋት ምንም አይበላም፣ ሰርቪሱ አስራ ሁለት ተኩል ላይ ይመጣል። ምን ልስጠው? (ከሳሪስ)

መልስ፦ በዛ ሰአት እኔም አልበላም። በሶ በወተት በጥብጠሽ በኮዳ ያዢለት፣ ወይ ሙዝና የተቀቀለ እንቁላል ሰርቪሱ ውስጥ ይብላ፣ ሾፌሩን ፍርፋሪ እንደማይኖር ቃል ግቢለት። ማታም ቀደም ብሎ ይተኛ፣ ቀደም ብሎ የተኛ ልጅ ጠዋት ይርበዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ቲቸር (ሲስተር ማለቴ ነው)። ስድስተኛ ክፍል ነኝ። እኛ ሴቶቹ እግር ኳስ መጫወት እንፈልጋለን ግን በእረፍት ሰአት ወንዶቹ ሜዳውን ሙሉ ይይዙታል፣ ስንጠይቃቸው "እናንተ ሱዚ ተጫወቱ" ይሉናል። ሱዚም እንወዳለን ግን ኳስም እንፈልጋለን። ደሞ ቀሚስ ነው ዩኒፎርማችን።

መልስ፦ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ጥያቄ በመፃፍሽ ኮራሁብሽ። ሜዳው የወንዶች ነው የሚል የትም አልተፃፈም፣ ቀድመው ስለሚሮጡ ነው የሚይዙት። ለብቻሽ ሄደሽ ከምትጨቃጨቂ መጫወት የሚፈልጉትን ሴቶች ስም ወረቀት ላይ ፃፊ፣ አስር ከሞላችሁ ለስፖርት መምህራችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማክሰኞና ሐሙስ የረጅሙ እረፍት ሜዳ የኛ ይሁን በሉ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው የጠየቃችሁት እምቢ ለማለት ይከብዳል። መምህሩ ከፈቀደ በሰልፍ ሰአት በሚኒ ሚዲያ ይነገር፣ ካልተነገረ ወንዶቹ አልሰማንም ይላሉ አውቃቸዋለሁ። ከቀሚሱ ስር የስፖርት ቁምጣ ወይ ታይት ልበሱ፣ የስፖርት ቀን ሱሪ ይፈቀድልን የሚለውንም እዛው ወረቀት ላይ ጨምሩት፣ አንዷ እናት ወተመህ ውስጥ ካለች ኮፒውን ለሷም ስጡ። እና የመጀመሪያው ማክሰኞ ላይ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ደወሉ ሳይጨርስ።